ብርዱ ካብ ሥር ሲያድር፦ የአንድ የወሎ ጓሮ የኅዳር ጉዳይ

አምና ኅዳር 11 ማለዳ ላይ አንድ ጓሮ ግማሹ ጠቁሮ ተገኘ። ጓሮው ከደሴ ወጣ ብሎ፣ ወደ ቦሩ ሜዳ በሚወስደው መንገድ አካባቢ፣ ቁልቁለት ላይ ነው። ባለቤቷን ሰፈሩ በሙሉ እትዬ ይላቸዋል፤ እኔም እዚህ እትዬ እያልኩ እቀጥላለሁ። ከጓሮው ቤተሰቡ ይበላል፤ የተረፈው ደሴ ገበያ ይሄዳል። ድንች፣ ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ ካሮት፣ ጥቅል ጎመን። ጥግ ጥጉ ላይ በሶብላና ጤና አዳም፣ ትንሽ አሪቲ።

ውርጭ አትክልት መታ ማለት ደጋው ወሎ ውስጥ ዜና አይደለም። ከኅዳር እስከ ጥር ድረስ ማንም ይጠብቀዋል። ይሄኛውን ልጽፈው የፈለግኩት ነገሩ አልገጥም ስላለኝ ነው። የድንቹ መደብ ከቤቱ በታች ጀምሮ ቁልቁል እስከ ታችኛው የድንጋይ ካብ ድረስ ይወርዳል። የላይኛው ግማሽ ምንም አልሆነም፤ ለምለም ነው። የታችኛው ግማሽ እስከ አገዳው ጠቁሯል። በሁለቱ መሀል ያለው ድንበር ደግሞ የአንድ እርምጃ ያህል ስፋት እንኳ የለውም።

የባሰው ከካቡ ማዶ ያለው ነው። እዚያ የሐጂ ጓሮ አለ። ሐጂ የእትዬ የድሮ ጎረቤት ናቸው፤ ጓሮአቸው ከእትዬ ጓሮ ዝቅ ብሎ ነው ያለው። ብርድ ወደ ዝቅተኛ ቦታ ይወርዳል ሲባል ሰምቻለሁ። እንዲያ ከሆነ ሐጂ ጋ መባስ ነበረበት። የሐጂ የዱባ ሐረግ ግን በዚያው ቀን ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ አበባውን ከፍቶ ንብ ይዞ ነበር። ዱባ ደግሞ ውርጭ ገና ሲመጣ ከሚሞቱት የመጀመሪያው ነው።

ቀኑም ክፉ ቀን ነበር። ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ይገባል። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ገና ዋዜማ ቆስጣና ድንች እንደ ልብ ይሸጣል። እትዬ ያን ድንች ሲያለሙ የነበረው ለዚህ ሰሞን ነው።

ዓይን፣ ዋግ ወይስ ዩሪያ?

መጀመሪያ የመጣው ማብራሪያ ዓይን ነው። መደቡ ከመንገድ ይታያል። «ያን የመሰለ ድንች እያዩ አንድ ሰው እንኳ ማሻአላህ ሳይል ነው የሚያልፈው» አሉ አንዲት ጎረቤት። እትዬም ነገሩን አልካዱም፣ አልተቀበሉትምም። ዝም አሉ።

ቀጥሎ ግብርና የተማረ ዘመድ በስልክ ተጠየቀ። ፎቶውን አይቶ «ዋግ ነው፣ ሪዶሚል ርጩበት» አለ። በፎቶ ሲታይ አይፈረድበትም። የድንች ዋግ የሚባለው በሽታም ቅጠሉን ያጠቁራል። ልዩነቱን ለማወቅ ግን ቦታው ላይ ሆኖ ሦስት ነገር ማየት ይበቃል። ዋግ በቀናት ነው የሚሄደው፤ እዚህ ቅጠል ላይ ነቁጥ፣ እዚያ አገዳ ላይ ቁስል እያለ ይስፋፋል። ውርጭ የደረሰበትን ሁሉ በአንድ ሌሊት ባንዴ ነው የሚመታው። ዋግ ሲሆን ማለዳ ጤዛ ሳይደርቅ ቅጠሉን ገልብጦ ያየ ሰው በነቁጡ ዙሪያ ነጭ ሻጋታ ያገኛል። እዚህ ምንም አልነበረም። ሦስተኛው ደግሞ አረሙ ነው። ዋግ የድንችና የቲማቲም ዘመዶችን እንጂ ሌላ አይነካም። በእትዬ መደብ ታችኛው ግማሽ ውስጥ ግን በሶብላውም፣ መሀል የበቀለው ለስላሳ አረምም አብሮ ሞቷል። መድኃኒቱ ሳይገዛ ቀረ፤ ገንዘቡም ተረፈ።

ዩሪያ ያለም ነበር። እትዬ ጥቅምት መጨረሻ ላይ ለድንቹ ዩሪያ ጨምረውለታል። ዩሪያ የጠጣ ተክል ለጋ ይሆናል፣ ለጋ ደግሞ ለብርድ ይሸነፋል። ይሄ እውነት ነው፤ ውርጭ በሚፈራበት ሰሞን ዩሪያ ባይጨመር ይሻላል። ግን ዩሪያው ለላይኛውም ለታችኛውም ግማሽ እኩል ነው የተሰጠው። ድንቹም አንድ ዘር ነው፣ በለጠ የሚባለው፤ የተተከለውም በአንድ ቀን ነው። የላይኛውን ከታችኛው የሚለየው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቦታው።

እዚህ ላይ ሐጂ ከካቡ ማዶ ሆነው የተናገሩት አለ። «እታለም፣ ይሄ ካብ ሳይሠራ በፊት እንዲህ ያለ ነገር አይተሽ ታውቂያለሽ?»

እትዬ ጥያቄውን አልወደዱትም። ካቡን ያሠሩት ካቻምና ግንቦት ላይ ነው። ከዚያ በፊት የነበረው አጥር ቁልቋልና የክትክታ ቅርንጫፍ ነበር። ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፍ አፈሩን እየጠረገ ወደ ሐጂ ይወስደዋል። ካቡ ደረት ድረስ ይደርሳል፤ አፈር እንዳያሾልክ ከሥሩ በጭቃ ተመርጓል። ጥሩ ካብ ነው። አፈሩንም ይዞላቸዋል። ያን ሁሉ ወጪ ያወጡበትን ነገር ጎረቤት ሲወቅሰው ማን ደስ ይለዋል?

የኅዳር ሰማይ

ወደ ካቡ ከመመለሴ በፊት ስለ ወቅቱ ትንሽ ልበል። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ቦሩ ሜዳ ከዚያም ከፍ ይላል፤ አፄ ዮሐንስ በ1870 ዓ.ም. የሃይማኖት ጉባኤያቸውን ያደረጉበት ሰፊ ሜዳ ነው። ጉባኤው የተደረገው ግንቦት ላይ መሆኑ በጀ። በኅዳር ቢሆን ሊቃውንቱ ከክርክሩ በፊት ብርዱ ይለያያቸው ነበር። በሌላ በኩል ከደሴ ቁልቁል ኮምቦልቻ ስንወርድ 600 ሜትር ያህል ዝቅ እንላለን። በየመቶ ሜትሩ ከግማሽ ዲግሪ በላይ ይሞቃል። ስለዚህ ኮምቦልቻ ያለ ሰው በኅዳር ቲማቲም እየለቀመ የደጋውን ሰው ጭንቀት ባይረዳ አይደንቅም።

ክረምቱ መስከረም ላይ ይወጣል። አምና ከግሸን ማርያም ወዲህ ጠብ ያለ ነገር አልነበረም። ሰማዩ ጠራ፣ አየሩ ደረቀ። ቀን መሬቱ ከፀሐይ ሙቀት ይቀበላል፤ ሌሊት ወደ ሰማይ ይመልሰዋል። ደመና ቢኖር ሙቀቱን ይዞ ይመልስ ነበር። በጠራ ሰማይ ግን የሚይዘው የለም። ነፋስ ቢነፍስም ከላይ ያለውን ሞቅ ያለ አየር ከታቹ ጋር ያደባልቀዋል። ነፋስ የለ፣ ደመና የለ፣ እርጥበት የለ፤ እንዲህ ያለ ሌሊት ነው የሚገድለው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት እስከ ማለዳ 12 ሰዓት ያለው ጊዜ ከሁሉ የከፋው ነው።

ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። የአየር ትንበያ ላይ የሚነገረው ዲግሪ የሚለካው በሰው ቁመት ገደማ ነው። መሬቱ ላይ ከዚያ ሁለት፣ ሦስት፣ አንዳንዴም አራት ዲግሪ ሊቀንስ ይችላል። ሬዲዮው «ዝቅተኛው 3 ዲግሪ» ሲል ሰላጣው በረዶ ላይ ሊያድር ይችላል።

ኅዳር 12

ድንቹ ከተመታ በማግስቱ የሚካኤል ዕለት ነበር፣ ኅዳር ሲታጠን። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ የተባለው ወረርሽኝ ብዙ ሕዝብ ከፈጀ ወዲህ በዚህ ቀን ቆሻሻ ተጠርጎ ይቃጠላል። እትዬም የጠቆረውን የድንች ቅጠል፣ የበቆሎ አገዳውን፣ የክረምቱን አረም ሁሉ ሰብስበው ከጓሮው መሀል አንድ ትልቅ ክምር ሠሩ። ሁለት ጉዳይ ባንድ እሳት ሊጨርሱ ነው። ልማዱም ይፈጸማል፣ ጭሱም ጓሮውን ከውርጭ ይጠብቃል።

የመጀመሪያው ላይ አስተያየት የለኝም። ሁለተኛው ግን አይሠራም። ጭስ ጓሮ ላይ ሲተኛ ብርድ ልብስ ያለበሰ ይመስላል፤ ግን የጭሱ ብናኝ በጣም ደቃቅ ስለሆነ ከመሬት የሚወጣውን ሙቀት አያግድም። የሚረዳ ነገር ካለ እሳቱ ራሱ ነው። እሱም ቢሆን ትልቅ ሲሆን ጉዳት አለው። ትልቅ እሳት ሙቀቱን ቀጥ አድርጎ ወደ ላይ ይወስደዋል፤ በምትኩ ከጎን ያለውን ቀዝቃዛ አየር ይስባል። ብዙ ቦታ የተበተኑ ትናንሽ እሳቶች ይሻላሉ፤ ግን ሌሊቱን ሙሉ የሚቆሰቁሳቸው ማን ነው? እንጨቱስ?

እኔን የቆጨኝ ቅጠሉ ነው። በውርጭ የሞተ ቅጠል በሽታ የለበትም። ከፍግና ከአፈር ጋር ተደራርቦ ውኃ ቢያገኝ ለሰኔ የሚደርስ ኮምፖስት ይወጣዋል። ከእሳቱ የተረፈው አንድ አካፋ የማይሞላ አመድ ነው። ዋግ ቢሆን ኖሮ ማቃጠላቸው ትክክል ነበር።

በዚያ ምሽት ሰፈሩ በሙሉ ጭስ ነበር። እትዬ ከደሴ ያስገዙትን የግድግዳ ቴርሞሜትር በራቸው ላይ ሰቀልነው፤ ሌላ ተመሳሳይ ደግሞ ካቡ ሥር መሬት ላይ አጋደምነው። ኅዳር 13 ማለዳ ሲታይ በሩ ላይ ያለው 5 ዲግሪ አለ። ካቡ ሥር ያለው ከዜሮ በታች 1። ጭሱ ያደረገው ነገር የለም። በሠላሳ እርምጃ ውስጥ ግን የስድስት ዲግሪ ልዩነት ተገኘ። አንዱ ሰው ቁመት ላይ፣ ሌላው መሬት ላይ መሆኑ ከዚህ ውስጥ ድርሻ አለው፤ ሁሉን ግን አያብራራም።

እጣንና ውኃ ልክ

ቀዝቃዛ አየር ከባድ ነው። ቁልቁለት ካገኘ እንደ ውኃ ይፈሳል፤ የሚያግደው ካገኘም ይታቆራል። ይሄን መናገር ቀላል ነው። እትዬን ግን በንግግር ማሳመን አይቻልም፤ እውነትም መታየት አለበት።

ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ፣ ነፋስ ጸጥ ሲል፣ ገል ላይ ፍም ተደርጎ እጣን ተጨመረበት። «ለጓሮ ደግሞ እጣን?» አሉ እትዬ፤ ግን ጥሩውን እጣን ነው የጨመሩት። ገሉ መደቡ አናት ላይ ተቀመጠ። ጭሱ መጀመሪያ ስንዝር ያህል ወደ ላይ ወጣ። ከዚያ ጎበጠ። ከዚያ በድንቹ መስመሮች መሀል መሬት መሬቱን እየነካ ቁልቁል መውረድ ጀመረ። ሩጫ አይደለም፤ ልጅ ዳዴ ብሎ ሊቀድመው ይችላል። የጠቆረው ድንበር ላይ ሲደርስ ፍጥነቱ ቀነሰ። ካቡ ጋ ሲደርስ ቆመ። ወደ ግራና ወደ ቀኝ ተዘረጋ፣ የዶሮ ቤቱ ያለበትን ጥግ ሞላ፣ ከዚያ ከፍታው እየጨመረ ጉልበት ደረሰ። እዚያው ቀረ።

ሐጂ ማዶ ቆመው ነበር። «እታለም፣ ሽታው መጣ፣ ጭሱ ግን እኔ ጋ አልደረሰም» አሉ።

በማግስቱ የእትዬ የወንድማቸው ልጅ መጣ። ግንበኛ ነው። ሲባጎና ውኃ ልክ ይዞ ነበር። ሲባጎውን ከካቡ አናት ላይ አስሮ፣ ቀጥ ባለ ደረጃ ወደ ላይኛው መደብ ወሰደው። ሲባጎው መሬቱን የነካበት ቦታ ከጠቆረው ድንበር አንድ እርምጃ እንኳ አይርቅም። ማለትም ብርዱ ካቡን እስከ አፉ ሞልቶት ነበር፤ ከዚያ በላይ ያለው ተረፈ፣ ከዚያ በታች ያለው ሞተ። ልጁ ውኃ ልኩን እያየ ሳቀ። እትዬ አልሳቁም፤ ግን ከዚያ ወዲያ ስለ ዓይን ያወራ ሰው አልሰማሁም።

የሐጂም ነገር አብሮ ተፈታ። የሳቸው ጓሮ ከታች ክፍት ነው። ቁልቁለቱ ሳይቋረጥ ፈፋው ድረስ ይሄዳል፤ እዚያ የገባ ብርድ አይቆምም። ከላይ ከእትዬ በኩል የሚመጣውን ደግሞ ካቡ ይዞላቸዋል። ዱባቸውን ያቆየው የእትዬ ካብ ነው።

ድርድሩ

መፍትሔው ካቡን ከሥሩ መክፈት ነው። ለመናገር አንድ ዓረፍተ ነገር፤ ለማድረግ ሁለት ቤተሰብ።

«እንግዲያ ብርድሽን በኔ ላይ ልትለቂብኝ ነው?» አሉ ሐጂ። ቀልድ ነበረበት፤ ሙሉ ቀልድ ግን አልነበረም። ልክም ናቸው። ካቡ ሲከፈት የሳቸው ጓሮ እንደ በፊቱ አይሞቅም። ሁለተኛው ስጋታቸው ክረምቱ ነው፤ ብርድ የሚያልፍበት ቀዳዳ ሐምሌ ላይ ጎርፍም ያሳልፋል።

እትዬ «ሐጂ፣ እርስዎ ጋ ያለው ጌሾና ነጭ ሽንኩርት ነው፤ እነሱን ብርድ ምን ያደርጋቸዋል? ዱባውማ ደርሷል፣ ይቁረጡት» አሏቸው። እውነት ነው። ጌሾ ደጋን ይችላል። ነጭ ሽንኩርት ጭራሽ ብርድ ይፈልጋል፤ ብርድ ያላገኘ ነጭ ሽንኩርት ፍንካች በደንብ አያወጣም። ቡና ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ስምምነቱ አለቀ። ካቡ ከሥሩ ሦስት ቦታ ይከፈታል፤ እያንዳንዱ ክንድ የሚያህል ስፋት ይኖረዋል። በግና ዶሮ እንዳያልፍ ሽቦ ይደረግበታል። ግንቦት ሳያልቅ በድንጋይና በጭቃ ይዘጋል፤ የሚዘጉት እትዬ ናቸው። ዱባው በዚያው ሳምንት ተቆረጠ፤ ለእትዬም አንድ ደረሳቸው።

አራተኛ ቀዳዳ ያስፈልግ ነበር። ከሁሉ ዝቅ የሚለው ጥግ የዶሮ ቤቱ ያለበት ነው። እሱን ማንሳት ግን ማንም አልፈለገም።

ሌሎቹን ሥራዎች ባጭሩ ልዘርዝራቸው፤ ግማሾቹ ከተለመደው ጋር ስለሚጋጩ። ኩትኳቶ ቆመ። ለስልሶ የተኮተኮተ ደረቅ አፈር በውስጡ አየር ይይዛል፤ ቀን ሙቀት በደንብ አይቀበልም፣ ሌሊትም አይሰጥም። ጠንከር ያለና እርጥብ አፈር ይሻላል። ውኃ ማጠጣቱ ከምሽት ወደ ረፋድ ተዛወረ፤ ፀሐይ እርጥቡን አፈር እንድታሞቀው። ጉዝጓዙ ከሰላጣው ሥር ተነሳ። ገለባ በሌላ ጊዜ ወዳጅ ነው፤ በውርጭ ሌሊት ግን የአፈሩን ሙቀት አፍኖ ከላይ ያለውን ቅጠል ያስበርደዋል። ለነጭ ሽንኩርቱ ተተወለት።

ማልበሱም ዘዴ አለው። ሰላጣው ላይ አሮጌ የማዳበሪያ ጆንያ ይጣልበት ነበር፤ ቅጠሉን የነካው ቦታ ሁሉ ይቃጠላል። አሁን በቀርከሃ ቅስት ተሠርቶለት፣ ጆንያው ሳይነካው እስከ መሬት እንዲወርድ ተደረገ። የሚለብሰው ፀሐይ ሳትጠልቅ ነው፤ ከጨለመ በኋላ ማልበስ ያመለጠ ሙቀት ላይ በር መዝጋት ነው። ጠዋት ሦስት ሰዓት ገደማ ይገለጣል።

የጠቆረው ድንች ደግሞ አልተነቀለም። እትዬ ሊነቅሉት ነበር። አገዳውን ከአፈር አፍ ላይ ጫር ሲያደርጉት ግን ውስጡ አረንጓዴ ነው። ሥሩ አልሞተም ማለት ነው። ውኃ ሲሰጠው በሁለት ሳምንት ውስጥ ከሥር አዲስ ቡቃያ አወጣ።

ታኅሣሥና ጥር

ትልቁ ብርድ የመጣው ገና ሰሞን ነው። ሰው ወደ ላሊበላ በሚጎርፍበት ሳምንት ሌሊቱ የምር ይቆረጥም ነበር። አንዱ ማለዳ በሩ ላይ 3 ዲግሪ ታየ። ካቡ ሥር፣ መካከለኛው ቀዳዳ አጠገብ፣ ዜሮ። የዶሮ ቤቱ ጥግ ከዜሮ በታች 2። ከኅዳሩ ጋር ሲነጻጸር በበሩና በካቡ መሀል ያለው ልዩነት በግማሽ ወረደ። ከሥር የበቀለው ድንች የቅጠሉ ጫፍ ተቃጠለ እንጂ አልሞተም። ጥጉ ላይ ያለው ግን እንደገና ጠቆረ። እሱ ከዚያ ወዲያ አልተነሳም።

ምርቱ ጥር ላይ ሲቆፈር ልዩነቱ ታየ። የላይኛው ግማሽ ደህና ድንች ሰጠ። የታችኛው ብዙ ፍሬ ይዟል፤ ግን አብዛኛው የእንቁላል መጠን እንኳ የለውም። አንዴ ቅጠሉ የሞተበት ድንች የጠፋበትን ጊዜ መልሶ አያገኝም። እትዬ ደህናውን ሸጡ፣ ትንንሹን ቀቅለው በአዋዜ በሉት። ያ በጾሙ የታሰበው ገበያ ግን አመለጠ። በቆስጣው ነው የካሱት፤ ቆስጣ ብርዱን ችሎ ጾሙን ሙሉ ተሸጧል።

ይሄ አንድ ጓሮ ነው፣ አንድ በጋ ነው። ቀዳዳው ብቻውን ምን ያህል ሠራ፣ የረፋዱ ውኃ ምን ያህል ሠራ፣ ለይቶ መናገር አይቻልም፤ ሁሉም ባንድ ላይ ነው የተደረገው። የዶሮ ቤቱ ጥግ ግን ውኃም ጠጥቷል፣ ኩትኳቶም ቀርቶለታል። ያልተከፈተለት ካቡ ብቻ ነው። ስለዚህ ከሁሉ በላይ የማምነው ቀዳዳውን ነው።

ደጋ ላይ ቁልቁለት ያለው ጓሮ የያዘ ሰው በጥቅምት መጨረሻ የታችኛውን አጥሩን ቢያየው እመክራለሁ። ካብ ብቻ አይደለም፤ ጥቅጥቅ ያለ የጥድ አጥር፣ የቆርቆሮ አጥር፣ ተደርድሮ የተቀመጠ ማገዶ ሁሉ ያው ነው። እጣን ባይኖር እርጥብ ቅጠል ይጨሳል። ከላይ በኩል ያለ አጥር ግን ሌላ ነው፤ እሱ ከላይ የሚመጣውን ብርድ ወደ ጎን ያዞራል፣ ጥቅጥቅ ቢል ይመረጣል።

ዘንድሮ የእትዬ ጓሮ አደራደሩ ተቀይሯል። ነጭ ሽንኩርቱ ከካቡ በላይ ያለውን ታችኛውን መደብ ይዟል። ትልልቁ ፍንካች ብቻ ለዘር ተመርጦ፣ ሹሉ ወደ ላይ ሆኖ፣ በመሀሉ አንድ መዳፍ ያህል እየተተወ ተተክሏል። ከእሱ ቀጥሎ ጥቅል ጎመንና ካሮት። ድንቹና ሰላጣው ወደ መሀል ወጥተዋል። ቃሪያውና በሶብላው ቤቱ ግድግዳ ሥር ናቸው፤ ቀን የሞቀው ግድግዳ ሌሊት ትንሽ ይተነፍስላቸዋል። አንዲት የፖም ዛፍም አለች፤ እሷ ብርዱን ትፈልገዋለች።

ቀዳዳዎቹ መስከረም መጨረሻ ላይ ተከፍተዋል። የዶሮ ቤቱም እንዲነሳና አራተኛው ቀዳዳ እንዲከፈት ተወስኗል። አዲሱ እስኪሠራ ዶሮዎቹ የት ይደሩ የሚለው ነው ያዘገየው። ሐጂ «እኔ ጋ ይደሩ፣ ቦታ አለ» ብለዋል። እንቁላሉ የማን እንደሚሆን ግን እስካሁን አልተነጋገሩም።